የሮተርዳሙ ፕሮፌሰር መዝገብ ለመጋዘን ባለቤት ምን ይነግረዋል?

አንድ ካርቶን ከመደርደሪያ ላይ ወርዶ በር ላይ የቆመው መኪና እስኪጫን ድረስ ብዙውን የሥራ ጊዜ የሚበላው ካርቶኑን ማንሣት አይደለም፤ ወደ ካርቶኑ መሄድ ነው። በዘርፉ መማሪያ መጻሕፍት ሲታተም በኖረው ስሌት መሠረት የአንድ ዕቃ አውጪ ሠራተኛ ጊዜ ግማሹ በእግር ጉዞ ያልቃል። 20 በመቶው ዕቃው የት እንዳለ በመፈለግ፣ 15 በመቶው ዕቃውን በማውጣት፣ 10 በመቶው በዝግጅት ይሄዳል፤ የቀረው 5 በመቶ ለልዩ ልዩ ነገር ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው በአብዛኛው ለመራመዱ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን እርምጃ መቀነስ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ከሆነ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዘርፉ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሣው ሰዎች አንዱ በሆላንድ ሮተርዳም በሚገኘው ኤራስመስ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት የሎጂስቲክስ ፕሮፌሰር ሆነው የሠሩት ሬኔ ደ ኮስተር ናቸው። እርሳቸው ከቶ ሌ ዱክ እና ከኬስ ያን ሮድበርገን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 በዩሮፒያን ጆርናል ኦቭ ኦፕሬሽናል ሪሰርች ያሳተሙት 21 ገጽ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ተመራማሪዎች ሥራ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተጠቅሷል። ስለ መጋዘን የሚጽፍ አንድ የማስተርስ ተማሪ ይህን ጽሑፍ ሳይጠቅስ ቢያልፍ አማካሪው ይመልሰዋል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ጉዳዩ የምሁራን ብቻ ቢሆን ኖሮ በገበያ ገጽ ላይ ቦታ ባላገኘ ነበር። ነገር ግን መደርደሪያ፣ ፎርክሊፍት ወይም የመጋዘን ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰው ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር «በጥናት የተረጋገጠ» የሚል ወረቀት አያይዞ መቅረቡ የተለመደ ሆኗል። የጥናቱ ባለቤት ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰም ይጻፋል። ገንዘቡን የሚያወጣው ነጋዴ ግን ይህ ቁጥር ምን እንደሚለካ፣ ምን እንደማይለካ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ከ3 ሚሊዮን መንገድ አንዱ

በመጀመሪያ የምርምሩን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሠራተኛ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ 10 ዓይነት ዕቃ ተጽፎለት በመጋዘኑ 10 ቦታዎች መድረስ አለበት እንበል። የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን እንደሚያስከትል ሊመርጥ የሚችልባቸው ቅደም ተከተሎች 3,628,800 ናቸው። ዕቃው 20 ሲሆን ቁጥሩ ከ2 ቢሊዮን ቢሊዮን ያልፋል። ይህ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ «የተጓዥ ነጋዴ ችግር» በሚል ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ በጠቅላላው ሲታይ ለኮምፒዩተርም ቢሆን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ዶናልድ ራትሊፍ እና አርኖን ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1983 በኦፕሬሽንስ ሪሰርች ጆርናል ያወጡት ሥራ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አስተዋለ። መጋዘን እንደ ከተማ አይደለም። መተላለፊያዎቹ ጎን ለጎን የተሰለፉ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የሚቻለውም ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። ይህ ቅርጽ ምርጫውን ስለሚያጠብበው ከሁሉ አጭሩን መንገድ ለማግኘት የሚያስፈልገው ስሌት የሚያድገው በመተላለፊያዎቹ ቁጥር ልክ ብቻ ነው። በዚያን ዘመን በነበረ ማይክሮኮምፒዩተር 50 መተላለፊያ ያለውን መጋዘን ለማስላት አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ በቅቷል።

የደ ኮስተር የመጀመሪያዎቹ ታዋቂ ሥራዎች የተገነቡት በዚህ መሠረት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ የሁለቱን አሜሪካውያን ዘዴ አስፍተው ብዙ መጋዘኖች ከሚጠቀሙበት የእባብ መንገድ ጋር አወዳደሩት። የእባብ መንገድ ማለት ሠራተኛው በአንዱ መተላለፊያ ገብቶ በሌላው ጫፍ እየወጣ ዕቃ ያለባቸውን መተላለፊያዎች በሙሉ እየተጠማዘዘ የሚያዳርስበት አሠራር ነው። ለሦስት ዓይነት የመጋዘን አሠራር በተደረገው ስሌት አጭሩ መንገድ ከእባቡ መንገድ የጉዞ ጊዜን ከ7 እስከ 34 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ከሮድበርገን ጋር በመሆን መካከል ላይ ተጨማሪ መሻገሪያ ላለው መጋዘን የሚሆን ስሌት አወጡ።

እዚህ ላይ ነጋዴው ቆም ሊል ይገባል። ከ7 እስከ 34 ማለት ሰፊ ክፍተት ነው። ጥናቱ ራሱ ውጤቱ በመጋዘኑ አቀማመጥና አሠራር ላይ በእጅጉ እንደሚመሠረት ያስረዳል። በሻጩ ወረቀት ላይ የሚታተመው ግን 34ቱ ይሆናል፤ 7ቱን የሚያስታውስ ሻጭ አይገኝም። ከዚህም ሌላ የንጽጽሩ መነሻ የእባብ መንገድ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የእባቡን መንገድ እንኳ በሥርዓት የማይከተል፣ ዕቃው የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ የዱሮ ስቶር ኪፐር ብቻ የሆነበት መጋዘን ከሁለቱም ቁጥሮች ውጭ ነው። እዚያ ያለው ትርፍ መደርደሪያዎቹ ላይ ቁጥር ከመጻፍ ይጀምራል፤ ለዚህ ደግሞ ቀለምና ብሩሽ ይበቃል።

ስም በምን ይቆጠራል?

የምሁራን ሥራ በተጠቀሰበት ብዛት መቆጠር የጀመረው በንግድ ሥራ ነው ቢባል ስህተት የለውም። ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1955 በሳይንስ መጽሔት ላይ ሐሳቡን ካቀረቡ በኋላ በ1960 የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1964 ደግሞ የመጀመሪያውን የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ ለገበያ አቀረቡ። መነሻ የሆናቸው የአሜሪካ ጠበቆች ከ1873 ጀምሮ አንድ የፍርድ ውሳኔ በኋለኞቹ ውሳኔዎች የት የት እንደተጠቀሰ ለማወቅ የሚገለገሉበት ማውጫ ነበር። የጋርፊልድ ዓላማ አንድ ጥናት ከታተመ በኋላ ማን እንደተጠቀመበት ለመከተል እንጂ ሰው ለመመዘን አልነበረም። ሚዛኑ በኋላ መጣ።

ጉግል ስኮላር እ.ኤ.አ. በ2004 ሲከፈት ቁጥሩን ማንም ሰው በነጻ ሊያየው የሚችል ሆነ። በተከታዩ ዓመት ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ፕሮፌሰር «ኤች ኢንዴክስ» የሚባለውን መለኪያ አቀረቡ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት መለኪያው 10 ነው። አንድ ጽሑፉ 5,000 ጊዜ ተጠቅሶ ሌሎቹ ባይጠቀሱ መለኪያው 1 ብቻ ይሆናል። በአንድ ትልቅ ደንበኛ ላይ የተንጠለጠለን ድርጅት ከብዙ መካከለኛ ደንበኞች ጋር ከሚሠራ ድርጅት ለመለየት የሚሞክር የሒሳብ ሠራተኛ ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

የደ ኮስተርን መዝገብ በዚህ ዓይን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ከፍተኛውን ቁጥር የተሸከመው የ2007ቱ ጽሑፍ አዲስ ዘዴ የፈለሰፈ አለመሆኑን ነው። የቅኝት ጽሑፍ ነው። ሌሎች የሠሩትን ሰብስቦ፣ መድቦ፣ የጎደለውን ያመለከተ ነው። የቅኝት ጽሑፍ ከኦሪጅናሉ ሥራ የበለጠ መጠቀሱ በሁሉም ዘርፍ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ጸሐፊ አሥር ምንጭ ከመቁጠር አንዱን ጠቅሶ ማለፍ ይቀለዋል። በጅምላ ሻጩና በአምራቹ መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ብዙ ደረሰኝ የሚቆርጠው ጅምላ ሻጩ ነው። ይህ የጅምላ ሻጩን ሥራ አያሳንሰውም። እንዲያውም ጽሑፉ ከሚያስመሰግኑት ነገሮች አንዱ ጊዜው የፈለገውን ግልጽ እውነት መናገሩ ነበር፤ ምሁራኑ በአብዛኛው ስለ አውቶማቲክ መሣሪያዎች ሲጽፉ በተግባር ያሉት መጋዘኖች ግን ሰው በእግሩ እየሄደ ዕቃ የሚያወጣባቸው ናቸው ሲል አመልክቷል።

ለዚህም በምዕራብ አውሮፓ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው አሠራር በሰው እግር የሚከናወን መሆኑን ጠቅሷል። የዚህ ቁጥር ምንጭ ጸሐፊዎቹ እንዳስቀመጡት የራሳቸው የሥራ ልምድ ነው። ያላቸውን ልምድ ላየ ሰው ግምቱ የሚናቅ አይደለም፤ እነርሱም ምንጩን አልደበቁም። ሆኖም ግምቱን የወሰዱት ተከታይ ጽሑፎች ምንጩን እያስቀሩ «80 በመቶ» የሚለውን ብቻ ሲያሻግሩት ከልምድ የተነሣው ቃል ወደ ተቆጠረ እውነትነት ይለወጣል።

በዘርፉ ከዚህም የበለጠ የተባዛ ቁጥር አለ። በትእዛዝ መሠረት ዕቃ የማውጣት ሥራ ከመጋዘኑ የሥራ ወጪ እስከ 55 በመቶ ይደርሳል የሚለው ነው። የ2007ቱ ጽሑፍ የሚጀምረው በእርሱ ነው፤ ከእርሱም በፊትም ሆነ በኋላ የወጡ በርካታ ጽሑፎች እንዲሁ። ወደ ኋላ ሲከተሉት ብዙዎቹ የሚደርሱት እ.ኤ.አ. በ1988 በእንግሊዝ አገር በታተመ አንድ ሥራ ላይ ነው። የእንግሊዝ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የእንግሊዝ ኪራይ፣ ያኔ የነበረ ቴክኖሎጂ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሲምኪን እና ሮይቾውድሁሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጸሐፊዎች የሚጠቅሱትን ነገር በእርግጥ ያነቡት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ብልሃት ተጠቀሙ። በማጣቀሻ ዝርዝሮች ላይ ያሉ የገጽና የቅጽ ቁጥር ስህተቶችን ተከታተሉ። ተመሳሳዩ ስህተት በብዙ ጽሑፎች ላይ ሲደጋገም ሰዎቹ ከዋናው ሳይሆን እርስ በርስ እንደገለበጡ ያሳያል። የደረሱበት ግምት ዋናውን ያነበበው ከጠቃሾቹ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው የሚል ነበር። ሐሰተኛ ደረሰኝን በማኅተሙ ስህተት የለየ ገንዘብ ያዥ ዘዴውን ወዲያው ይረዳዋል።

የ55 በመቶው ቁጥር እዚህ ይሠራል?

ለመጋዘን ባለቤት ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የዘርፉ ምርምር አብዛኛው የተነሣው የሰው ጉልበት ውድ ከሆነበት አገር ነው። ሮተርዳም ላይ የአንድ ሰዓት እርምጃ ብዙ ዩሮ ያስከፍላል። አዲስ አበባ ላይ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ከዚያ ጋር አይገናኝም፤ እዚህ ሒሳቡን የሚያከብደው የመጋዘን ኪራይ፣ በዕቃው ላይ ታስሮ የሚቀመጥ የባንክ ገንዘብ፣ ብልሽትና ጉድለት ነው። የወጪው ቅንብር ሲለወጥ መቀነስ የሚገባው ነገርም አብሮ ይለወጣል።

በምሳሌ ማስላት ይቻላል። አንድ መጋዘን 100 ዕቃ አውጪዎች ቢኖሩትና እያንዳንዳቸው ከ8 ሰዓት 4ቱን በእግር ቢያሳልፉ በቀን 400 ሰዓት በእርምጃ ይሄዳል። ከዚህ 20 በመቶ ቢቀነስ 80 ሰዓት ነው፤ የ10 ሠራተኛ ቀን ማለት ነው። ለዚህ ሶፍትዌር መግዛት ያዋጣ ይሆናል። በቀን 40 ትእዛዝ የሚያወጣ፣ ለእያንዳንዱ 150 ሜትር የሚያስኬድ መጋዘን ግን በቀን የሚያስኬደው 6 ኪሎ ሜትር ነው። 20 በመቶው 1,200 ሜትር ይሆናል። በሴኮንድ አንድ ሜትር ለሚራመድ ሰው 20 ደቂቃ መሆኑ ነው። ለ20 ደቂቃ ሲባል ሶፍትዌር አይገዛም።

ኬቪን ጉ እና ራስል ሜለር እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት የመደርደሪያ አቀማመጥም ይህንኑ ያሳያል። መተላለፊያዎችን በሰያፍ በመሥራት የዓሣ አጥንት የሚመስል ቅርጽ ሲሰጣቸው የፎርክሊፍት ጉዞ እስከ 20 በመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል አስልተዋል። ሰያፉ ግን ቦታ ይበላል። የወለል ኪራይ በካሬ ሜትር የሚከፍል ሰው ጉዞውን ቀንሶ ወለሉን ሊያጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በቀጥታ ተግባር ላይ የሚውለው ምናልባት የሁሉም አንጋፋ የሆነው ሳይሆን አይቀርም። ጄምስ ሄስኬት እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረቡት መመዘኛ አንድ ዕቃ የሚይዘውን ቦታ ለሚወጣበት ድግግሞሽ አካፍሎ ውጤቱ ትንሽ የሆነውን ከበሩ አጠገብ ማስቀመጥ ይላል። ቶሎ የሚሸጥ ትንሽ ዕቃ ከፊት፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ ግዙፍ ዕቃ ከኋላ። የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ይህን ሳያሰላ ያደርገዋል። የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ዓመት ሲለወጥ ነው፤ አምና ይሸጥ የነበረው ዕቃ ዘንድሮም በር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። አንዳንዱ ባለሱቅ በር ላይ ያለውን ዕቃ የሚያነሣው አቧራው ሲያሳፍረው ነው።

በጥናት ያልቆመው ቢሊዮን

በመጋዘን ስሌት ላይ ገንዘብ ያፈሰሱ ባለሀብቶች የከፋውን ትምህርት ያገኙት ከአሜሪካው ዌብቫን ነው። በ1996 የተመሠረተው ይህ ድርጅት ደንበኛ በኢንተርኔት ያዘዘውን አስቤዛ ቤት ድረስ ለማድረስ የተነሣ ነበር። በ1999 ቤክቴል ከተባለው የግንባታ ድርጅት ጋር 26 ግዙፍ አውቶማቲክ መጋዘኖችን ለመሥራት 1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ተፈራረመ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ አክሲዮን ሸጦ 375 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በሐምሌ 2001 ከሠረ። የማከማቻና የማጓጓዣ መሣሪያው በዘመኑ ከነበሩት የተራቀቀው ነበር። የጎደለው መሣሪያውን የሚሞላ ትእዛዝ ነበር፤ ይህን ደግሞ አጭር መንገድ የሚፈልግ ስሌት አያመጣውም።

በዌብቫን የሠሩት ሚክ ማውንትዝ ከዚያ ውድቀት በኋላ በ2003 ኪቫ ሲስተምስን አቋቋሙ፤ ፒተር ወርማንና ራፋኤሎ ዳንድሪያ አብረዋቸው ነበሩ። ሐሳባቸው ሠራተኛው ወደ መደርደሪያ ከሚሄድ መደርደሪያው በሮቦት ተጭኖ ወደ ሠራተኛው ይምጣ የሚል ነበር። አማዞን በ2012 ድርጅቱን በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2025 ደግሞ 1 ሚሊዮኛ ሮቦቱን ማሰማራቱን አስታወቀ። የጉዞው መንገድ እንዴት ይጠር ለሚለው የ1983 ጥያቄ የተሰጠው ትልቁ የገበያ መልስ መንገዱን ከነጭራሹ ማስቀረት ሆነ።

ምሁራኑ ወደ ኪቫ ዓይነት አሠራር በብዛት የዞሩት ገበያው ከቀደመ በኋላ ነው። ደ ኮስተርም በ2017 ከባልደረቦቻቸው ጋር የእነዚህን ሮቦቶች አቅም ለመገመት የሚያስችል ሥራ አወጡ፤ በ2019 ደግሞ አንዱ ስለ ሮቦት መጋዘን፣ ሌላው ስለ ኢንተርኔት ንግድ መጋዘን የሆኑ ሁለት ሰፋፊ የቅኝት ጽሑፎች ላይ ተሳተፉ። መዝገባቸው በአንድ ጽሑፍ ላይ ያልተንጠለጠለ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከገበያው ኋላ መሆኑ ነቀፋ ላይሆን ይችላል፤ አንድ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ ስንት እንደሚያነሣ ገለልተኛ ሆኖ የሚለካ ሰው ለሁለተኛው ገዢ ያስፈልገዋል።

በዚያው መዝገብ ውስጥ ስለ መንገድ ርዝመት የማያወሩ ሥራዎችም አሉ። በ2011 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ78 የሆላንድ መጋዘኖች ያካሄዱት ጥናት አደጋ ከምን እንደሚመጣ የጠየቀ ሲሆን፣ አለቃው ለደኅንነት የሚሰጠው ትኩረት በአደጋ ቁጥር ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አመልክቷል። በ2016 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ በድምፅ፣ በመብራትና በእጅ መሣሪያ እየተመሩ ዕቃ የሚያወጡ ሰዎችን ጠባይ ከውጤታቸው ጋር አነጻጽሯል። ፎርክሊፍት የሚነዳ ሠራተኛ ያለው ሰው ከ34 በመቶው ይልቅ እነዚህን ቢያነብ ይሻለዋል።

የዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸው አቋምም እየተለወጠ ነው። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው መግለጫ ተመራማሪን በሚያሳትምበት ጆርናል ደረጃ መመዘን እንዲቀር ጠይቋል፤ ከሮተርዳም ብዙም የማይርቀው የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ በ2021 ይህን መለኪያ በቅጥርና በዕድገት ላይ እንደማይጠቀምበት አስታውቋል። ቁጥሩን ለመቅጠር የማያምኑበት ሰዎች ባሉበት ሰዓት ዕቃ ለመሸጥ የሚጠቀሙበት ሰዎች መብዛታቸው የሚገርም ነው።

ገዢው ግን ከሻጩ ሊጠይቀው የሚችለው ነገር አለ፤ የጠቀስከው ጽሑፍ የትኛው ነው፣ የተለካው በእውነተኛ መጋዘን ነው ወይስ በኮምፒዩተር ላይ፣ መጋዘኑ ስንት መተላለፊያ ነበረው፣ በቀን ስንት ትእዛዝ ያወጣ ነበር፣ የተወዳደረውስ ከምን ጋር ነው። ሻጩ ለእነዚህ መልስ ከሌለው የተጠቃሽነቱ ቁጥር ምንም ያህል ቢበዛ ለእርሱ ዕቃ ማስረጃ አይሆንም።

ደ ኮስተር በ2004 አንድን መጋዘን በአንድ ጉብኝት ብቻ እንዴት መገምገም እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራም አውጥተው ነበር። መነሻው በ2002 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ፋብሪካን በፍጥነት ስለማንበብ የወጣ ጽሑፍ ነው። ከ2007ቱ ጋር ሲነጻጸር የጠቀሰው ሰው ጥቂት ነው። ዘዴው ኮምፒዩተር አይፈልግም። ጎብኚው መጋዘኑን ዞሮ ካየ በኋላ ስለ ንጽሕናው፣ ስለ ቦታ አጠቃቀሙ፣ ስለ ሕንፃውና ስለ መሣሪያዎቹ ይዞታ፣ ስለ ዕቃ አቀማመጡና አወጣጡ፣ ስለ ሠራተኞቹ ትብብርና ስሜት ያየውን በቅጽ ላይ ነጥብ ይሰጣል።